የአበልጄ ቆርቆሮ

በሰፈራችን እኔን የሚያውቅ ሁሉ ምላሰኛ ይለኛል፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ሲጫን አይቼ አላለፍኩትም። የቀበሌው ሊቀመንበር ስኳር በካርድ ሲያድል ለእህቱ ደገም አድርጎ ሲሰፍርላት፣ ከሰልፉ መሃል ሆኜ «ጓድ፣ እህትህ ስንት አፍ ነው ያላት?» ብዬዋለሁ። በደርግ ጊዜ እንዲህ ማለት ድፍረት ሳይሆን እብደት ነበር። ሰልፈኛው በሙሉ መሬት መሬት አየ፤ ባሌ ፖሊስ ባይሆን ኖሮ ምን ይመጣብኝ እንደነበር አላውቅም። ይህን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም። የምጽፈውን የሚያነብ ሰው፣ ፈሪ ብትሆን ነው ብሎ በቀላሉ እንዳያልፈኝ ነው።

ቤታችን ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ከሚዞርበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፣ የጭቃ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ የተለጠፈበት። ጣሪያው ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ዝገት ሲበላው የኖረ ቆርቆሮ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር አልጋችንን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተትን፣ ሳፋና ድስት እየደረደርን ዝናቡን እንቀበል ነበር። ለቀበሌው ስንት ጊዜ አመልክተናል። ተራችሁን ጠብቁ ይሉናል፣ እንጠብቃለን።

ባሌ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ የመኪና አደጋ መርማሪ። አደጋ የደረሰበት ቦታ ሄዶ የጎማውን ምልክት ይለካል፣ መንገዱን በወረቀት ላይ ይሥላል፣ ያየ የሰማውን ያናግራል፤ ከዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል። ዓቃቤ ሕጉም ዳኛውም የሚይዙት እሱ የጻፈውን ነው። እጁ ንጹሕ ነበር። ባልደረቦቹ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ሲተርቡት፣ «እኔን ደግሞ ማን ሾመኝና» ይላቸው ነበር። ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ከደመወዙ ሌላ ይዞ የገባው ነገር ቢኖር የሰው ሬሳ የነካ ልብሱን ነው፤ እሱን በር ላይ አስወልቄ እዘፈዝፈዋለሁ።

ወተት የምታመጣልን ሴት ከቦሌ ቡልቡላ ነበር የምትመጣው። ቡልቡላ ያኔ ገጠር ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲያ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት አገር። ሴትየዋ የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን አዝላ፣ የአጥሩን ጥግ ይዛ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ትነሳና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በራችን ላይ ናት። በቤቷ ኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ በአማርኛዋ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፣ ለሁሉም አንተና አንቺ ነው፣ ለቀበሌው ሊቀመንበር ጭምር። ለዚህም ነው የወደድኳት። እኔን ግን «እትዬ» ትለኛለች፤ በዕድሜ ለእናቴ የምትቀርብ ሴት ናት፣ እኔም ያለ ሐፍረት አንቺ እላታለሁ። የከተማ ሰው መሆን እንዲህ ያባልጋል።

አንዳንድ ቀን በእሷ ፈንታ ልጇ ትመጣለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብታ ማንበብ የቻለች ሰሞን ስለነበር ወተቱን እየቀዳች ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ጠዋት ባሌ ጢሙን እየተላጨ ሳለ፣ ከመስታወቱ ጎን የተለጠፈውን ጋዜጣ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። ስለ አዲሱ ልዩ የወንጀል ሕግ የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ ጥፋተኛን ከፍርድ ለማስመለጥ ጉቦ የተቀበለ የመንግሥት ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቀው የሚዘረዝር። «ጽኑ እስራት» የሚለው ጋ ስትደርስ ጽኑ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ብርቱ ማለት ነው አልኳት። ባሌ አረፋውን ከጉንጩ እየጠረገ፣ እሱ ለእኛ የተጻፈ ነው አላትና ሦስታችንም ሳቅን። እርጉዝ ነበርኩ፤ በሳቅኩ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ያለችው ትገላበጥ ነበር።

የሆዴን ልጅ ክርስትና የምታነሳት ደግሞ ገና ሳትወለድ የታወቀች ነበረች። በግድግዳ የምንዋሰን ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ፣ ገና በሦስተኛው ወር «ወንድ ይሁን ሴት የእኔ ነው» ብላ ይዛዋለች፤ የክርስትናውን ቀሚስ ሰፍታ በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣለች። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ያውቃል። አበልጄ እያለችም ትጠራኝ ጀምራ ነበር።

ልጄ በሚያዝያ ተወለደች። በግንቦት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሌን ከቤት መጥተው ጠሩት። ሲመሽ ተመልሶ ደፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፣ ከምሳ ግብዣ ሲመለስ፣ በቤት መኪናው አንዲት ልጅ ገጭቶ ገድሏል አለኝ። የሰውዬው አፍ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። መንገዱን ስቶ ወጥቶ ነው የገጫት አለኝ። «መንገድ ላይ አልነበረችም። በአጥሩ ጥግ፣ በእግር መንገዱ ነው የምትሄደው። የጎማው ምልክት ሣሩ ላይ ነው ያለው፤ ልጅ ብልክ ያየዋል። ይህ ሰው አለቀለት።» ማን ናት ብዬ ስጠይቀው የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ከዚያ የወተቷ ሴት ልጅ ናት አለኝ።

አለቀስኩ። አራስ አታለቅስም፣ ወተትሽ ይደርቃል እያሉ ጎረቤቶቼ ተቆጡኝ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ልጄን ለጎረቤቴ ትቼ፣ አራስ ከቤት አትወጣም የሚለውን ሁሉ ረስቼ፣ በእግሬ ቡልቡላ ሄድኩ። ለቅሶ ቤቱ የሞላ ነበር። ወሬው ግን መጥፎ ነበር፤ ሰዉ ልጅቷ ዘላ መኪናው ፊት ገባች፣ ከተማ የለመደች መስሏት ነው እያለ ያወራል። እናቲቱ ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ በጆሮዋ ነገርኳት። ባሌ በዓይኑ አይቷል፣ በእግር መንገዱ ላይ ነበረች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም አልኳት። እጄን ያዘችኝና እስክሄድ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር ለብሳ፣ ጮጮዋን አዝላ መጣች። ላሟ ሐዘን አታውቅም፣ ትታለባለች አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወተቱን ቀድታ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች፦ ሃምሳ አለቃው ምን አለ? እኔም አይዞሽ፣ አይለቀውም እላታለሁ። የሰውዬው ሽማግሌዎች ለእርቅ መጥተው ነበር፤ የካሣ ነገርም አንስተዋል። አልፈልግም አለቻቸው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ፍርድ ቤቱ ተሰብስቦ፣ ሰካራም ነው የገደላት፣ እሷ አላጠፋችም ብሎ እንዲናገር። አገሩ ዘላ ገባች እያለ ልጄ መቃብሯ ውስጥ እንዴት ትተኛለች ትለኝ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ የማላውቃት ሴት አራስ ልትጠይቅ መጣች። ቅቤና ማር ይዛለች። ወፈር ያለች፣ መልከ መልካም፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት። ተቀምጣ ገና የሰጠኋትን ውኃ ሳትጠጣ የዚያ ሰውዬ ሚስት መሆኗን ነገረችኝ። በዚያች ሰዓት ተነስቼ ቅቤዋን በር ላይ መወርወር ነበረብኝ፤ ምላሴም ወዴት እንደገባ አላውቅም። ስለ ክሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ አለቀሰች፣ ልጄን አቅፋ ሳመቻት። ደጅ ያን ቀን ዘንቦ ነበርና ጣሪያው ከአልጋው ግርጌ ወደ ሳፋው ይንጠባጠባል። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ፣ «ይህችን ልጅ እኔ ክርስትና ላንሳት» አለችኝ።

ክርስትና ላንሳ ያለን ሰው እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ልጁን ከእግዚአብሔር በረከት እንደ መንፈግ ይቆጠራል፤ እናቴ ጠላቷ ጠይቃት እንኳ እሺ ብላለች። እኔም እሺ አልኩ። ለብዙ ዓመት ይሉኝታ ነው ያሸነፈኝ ስል ኖሬያለሁ። ግማሹ ይሉኝታ ነው። ግማሹ የሚንጠባጠበው ጣሪያ ነው፤ ምክንያቱም ሴትየዋ ቀና ብላ ባየችው ጊዜ እኔም ቀና ብዬ አብሬያት አይቻለሁ፣ ምን እንዳሰበችም ገብቶኛል። ልትወጣ ስትል «የክርስትና ልጄ ዝናብ እየመታት አታድግም፣ ባሌ ቆርቆሮ አያጣም» አለችኝ። ያን ጊዜ ቆርቆሮ በገበያ አይገኝም፤ ብር ያለውም ቢሆን አያገኘውም።

ባሌ ማታ ሲገባ ነገርኩት። ልብሱን ሳይቀይር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ምን አደረግሽ?» አለኝ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብዬ ልንገራት አልኩት። እሱም ንገሪያት አላለኝም። በአራተኛው ቀን አናጢዎች አዲስ ቆርቆሮ በጋሪ ጭነው መጡ። ባሌ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደሚያባርራቸው ጠብቄ አየሁት። አናጢው መሰላሉን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ እግሩ ተንሸራተተ፤ ባሌ ሄደና መሰላሉን ያዘለት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እንደያዘለት ቆየ።

ለጎረቤቴ የምለው ነገር ስላጣሁ ከሰው እንድትሰማ ነው ያደረግኩት፣ እኔ አልነገርኳትም። ክርስትናው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ጎረቤቴ አልመጣችም። የሰፋችውን ቀሚስ ከነላስቲኩ በልጅ ላከችልኝ፤ ልጄ ግን የለበሰችው ከሱቅ የተገዛውን፣ አዲሷ አበልጄ ያመጣችውን ነበር፤ አንገቷ ላይም እሷው ያሰረችላት የወርቅ ሐብል ነበር። ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልሰጠችኝም።

በማግስቱ ጠዋት አበልጄ ምግብ በሳህን ሸፍና መጣች፤ ልጄን አቅፋ «የእኔ እመቤት» እያለች ትስማታለች። በዚያች ሰዓት የወተቷ ሴት ገባች። አበልጄን አወቀቻት፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ለቅሶ ቤት መጥታ ነበርና። ጮጮዋን እንዳዘለች ደፉ ላይ ቆመች።

«ይቺ ሴት ምንሽ ናት?» አለችኝ።

ጎረቤት ናት ማለት እችል ነበር። ምንም ልል እችል ነበር።

«አበልጄ ናት» አልኳት።

ቀና ብላ አዲሱን ጣሪያ አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጮጮዋን አውርዳ ወተቱን ሰፈረችልኝ፤ ሁልጊዜ የምትጨምርልኝን ምርቃት እንኳ አላስቀረችም። ሒሳቧን ሳትጠይቅ ወጣች፤ ከዚያ ቀን በኋላም ወተት አላመጣችልኝም።

የት ሄዳ እንዳመለከተች፣ ማን እንደጻፈላት በኋላ ነው የሰማሁት። ከቡልቡላ በእግሯ እየተመላለሰች፣ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ እየመራት፣ በመጨረሻ የሚሰማት አገኘች። ባሌን በሐምሌ ማብቂያ ከሥራ ቦታው ወሰዱት። አበልጄንም ባሏንም ጠሯቸው፤ ባልየውን አስቀሩት። ወደ እኛ ቤት የመጡት የባሌ ባልደረቦች ነበሩ። ዓይኔን ማየት አፍረው፣ ጣሪያውን እየቆጠሩ መዘገቡ፤ ሐብሉን ከልጄ አንገት ፈትተው ወሰዱ። ቆርቆሮውን ሊያነሱት ሲሉ ልጄ አለቀሰች፣ ዝናቡም ያካፋ ነበር። አዛዣቸው በኤግዚቢትነት ባለበት ይቆይ ብሎ ጻፈ፣ እኔንም እንዳላስነካው አስፈረመኝ። ፈርሜ የማስረጃ ጣሪያ ሥር ልጄን ይዤ ተኛሁ። አያፈስም ነበር፤ እሱም ራሱ ያስለቅሰኝ ነበር።

የተመደበልን ጠበቃ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረኝ። ባሌ፣ ጥፋቱ የሟች ነው፣ መንገዱን ሳታይ ነው ያቋረጠችው ብሎ ጽፎ ፈርሟል። ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ለሳምንታት ጉዳዩ ወደ ዓቃቤ ሕግ ሄዷል ሲለኝ እኔ ደግሞ ይህንኑ ለወተቷ ሴት ስነግራት ነበር። የጎማውን ምልክት ዝናቡ አጥቦታል፤ ሣሩም በቅሎ ሸፍኖታል። የቀረው የባሌ ወረቀት ብቻ ነው። ቆርቆሮው ጉቦ ነው ከተባለ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ባሌም በልዩ ሕጉ ይቀጣል፤ ጽኑ እስራት ነው፣ ሲወጣ ልጅሽን አድጋ ነው የሚያገኛት አለኝ። ቆርቆሮው የአበልጅ ስጦታ ነው ከተባለ ግን ወረቀቱ ይጸናል፤ ባሌ የሚጠየቀው የሚያውቀውን ሰው ጉዳይ ለሌላ መርማሪ ባለማስተላለፉ ብቻ ነው፣ የታሰረበት ጊዜ ይበቃዋል። ሁሉም ነገር አበልጅነቱ ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ተንጠለጠለ።

ወህኒ ቤት በአጥር ተለያይተን ነው የምናወራው፤ ሰዉ ሁሉ ይጮኻል፣ የራስህንም ድምፅ አትሰማም። አበልጄም ለባሏ ስንቅ ይዛ እዚያው ሰልፍ ላይ ትቆማለች፤ ሰላም ብለን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ እንለያያለን። ባሌ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«አንድ ቃል ብቻ ነው» አለኝ። «በሆድሽ እያለች ቃል ገብተን ነበር በይ። ሌላ አትጨምሪ።»

«ያቺ ልጅስ?» አልኩት።

«የሞተ ሞቷል። እኛ ደግሞ ሦስት ነን።»

ተቆጣሁ። አንተ ነህ የጻፍከው፣ ያን ማታ ደፉ ላይ ተቀምጠህ የነገርከኝን ምን አደረግከው አልኩት፤ ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩን ድረስ ጮህኩበት። አላስተባበለም። «እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ማን ይበልጣል ብለን እንከራከር?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ዘበኛው ይሰማን እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ሲፈራ አይቼው አላውቅም። ልጄን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ እንዲነካት ግን አጥሩ እጅ አያስገባም ነበር። ጠልቼዋለሁ፣ አሳዝኖኛል፣ ወድጄዋለሁ፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን። ወደ ቤት የተመለስኩት ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ነው።

ጎረቤቴን ዓቃቤ ሕጉ አስጠርቷት ነበር። «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ክርስትና ላነሳላት ቃል የገባሁት ነገር የለም» ብላ ተመለሰች። በራፌ ላይ ቆማ ይህን ነገረችኝና፣ ለልጅቷ ብዬ ነው፣ ላንቺ አይደለም አለችኝ። ላመሰግናት ስል ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የመከላከያ ምስክር ሆኜ የቀረብኩት በታኅሣሥ ነው። የወተቷ ሴት ከእኔ በፊት መስክራ ወጥታለች፤ ምስክር ምስክርን እንዳይሰማ ደጅ ነው የሚያቆሙን፣ ያለችውን አልሰማሁም። እጄን አንስቼ ማልኩ። ዓቃቤ ሕጉ መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነበር። አበልጅነቱ መቼ እንደተጀመረ ጠየቀኝ። ልጄ በሆዴ እያለች ነው ቃል የተገባባነው፣ ያኔ አደጋው አልደረሰም አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እንደሚያንቀኝ አስቤ ነበር፤ ቀለለኝ። ስለዚያ ነው ራሴን ይቅር ለማለት የሚያስቸግረኝ።

ቀጥሎ ወረቀቱን አገላብጦ፣ ሟች በእግር መንገዱ ላይ እንደነበረችና ይህንንም ባሌ በዓይኑ እንዳየ፣ ለቅሶ ቤት ለእናቲቱ ነግሬያት እንደሆነ ጠየቀኝ። ለካ እሷ ይህን ነው የመሰከረችው። እኔን ነበር ምስክሯ ያደረገችው። ወደ ባሌ አየሁ፤ ጭንቅላቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

«ብያታለሁ» አልኩ። «ለቅሶ ቤት ነው፤ እናት ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች። ለማጽናናት ምን የማይባል አለ?»

የመሃል ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ያውቃሉ፤ ያልሆነውን ሆነ፣ የሆነውን አልሆነም ብለው ያጽናኑት ሰው አይጠፋም። ዓቃቤ ሕጉ እንኳ ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቀኝም። ስወርድ ፖሊሱ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ መራኝ።

ፍርዱ በጥር ተነበበ። ልጄን አዝዬ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አበልጄ ከፊት ተቀምጣለች፣ የወተቷ ሴት ደግሞ በሌላው ግድግዳ በኩል። ዳኛው ያነበቡት በፍጥነት ነው፣ በዚያ በፍርድ ቤት አማርኛ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። ስጦታው ከአበልጅነት የመጣ እንጂ ፍርድን ለማስለወጥ የተሰጠ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ምርመራው የተዛባ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አልቀረበም፤ ሟች መንገዱን በግዴለሽነት ስታቋርጥ ለደረሰባት ጉዳት አሽከርካሪው ተጠያቂ አይሆንም። ባሌ የታሰረበት ጊዜ ታስቦለት እንዲለቀቅ። አበልጄ እልልታዋን በነጠላዋ አፈነች። ሌላ መዝገብ ተጠራ፤ እኛ ወጣን።

ኮሪደሩ ላይ የወተቷ ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች። እንደምትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«እትዬ፣ ቶሎ ቶሎ ነው ያነበበው፤ አልያዝኩትም። ልጄን ምን አላት?»

በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ጠበቃ የላት፣ አስተርጓሚ የላት። ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ፣ አልመጣልኝም።

«መንገዱን ሳታይ ያቋረጠችው እሷ ናት አሉ» አልኳት።

ልጄ ከጀርባዬ ላይ እጇን ወደ እሷ ዘረጋች፤ አላየቻትም።

«ለቅሶ ቤት የነገርሽኝን፣ በእግር መንገዱ ላይ ነበረች ያልሽኝን፣ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ለማጽናናት ነው ያልኳት ብያቸዋለሁ።»

ፊቷ ተለወጠ። ንዴት ቢሆን እችለው ነበር፤ ንዴት አልነበረም። ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማን ወደ እኔ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ለማጽናናት ነው እንዴ ያልሽኝ? ዘላ ነው የገባችው?»

በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ሦስት ዳኞች ያልቻሉትን፣ አገር ምድሩ ሲያወራ ያላመነችውን፣ በእኔ ቃል ልታምነው ነው። ያቺን ልጅ ከእናቷ ልብ ውስጥ እንኳ ጥፋተኛ አድርጌ ላወጣት ነው።

«አይደለም» አልኳት። «እውነት ነው። በእግር መንገዱ ላይ ነበረች። ባሌ በዓይኑ አይቷል፣ ያን ማታ ነግሮኛል።»

ትንፋሿን ለቀቀችው። ከዚያ ዞር ብላ የችሎቱን በር አየች። ክፍት ነበር፤ ዳኞቹ እዚያው ተቀምጠው የሚቀጥለውን መዝገብ ያገላብጣሉ።

«እንግዲያ ግቢና ንገሪያቸው» አለችኝ። «እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወተት ጨምሪልኝ ስላት እሺ እንደምትለኝ ቀላል ነገር አድርጋ ነው ያለችኝ። ከቆምኩበት እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። ልጄን አጥብቄ አዘልኳት፣ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። በዚያች ቅጽበት በኮሪደሩ በሌላው ጫፍ ባሌን ካቴናውን ሲፈቱለት አየሁ፤ እጁን እያሻሸ በዓይኑ ይፈልገኛል።

ወደ እሱ ሄድኩ። ሰው ሰላም ሲለን፣ ልጄን ሲቀባበላት፣ ስንወጣ፣ አንዴም ዞር ብዬ አላየሁም። እዚያ ምን ያህል ጊዜ ቆማ እንደጠበቀችኝ አላውቅም።